አራት የማታ ጥሪዎች

ፎርማኑ ስልክ ሲደውል «አንድ ሰው አግኝተናል» ነበር ያለው።

«የሞተ ነው?» አልኩት።

«እንጃ ጌታዬ፤ ተቀምጧል» አለኝ።

ስደርስ አባባሉ ገባኝ። የቀድሞው የጦር ካምፕ የሙያ ማሰልጠኛ ሊሆን እየታደሰ ነው። ከሰልፍ ሜዳው ጥግ ግማሽ አካሉ መሬት ውስጥ የተቀበረ አሮጌ የጥይት መጋዘን አለ፤ ባለ ብረት በር፣ ግንቡ ወፍራም ድንጋይ። ሠራተኞቹ ውስጡን ለሁለት የሚከፍል የጡብ ግድግዳ ሲያፈርሱ ነው ከኋላው ሌላ ጠባብ ቦታ የተገኘው። እዚያ አንድ የወታደር ካፖርት ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ካፖርቱ ውስጥ አጥንት አለ። ከስክስ ጫማዎቹ ወልቀው ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ጠዋት ተነስቶ ሊጫማቸው ያሰበ ሰው እንደሚያደርገው።

ሳጅኗ መብራት ይዛ ተከትላኝ ገባች። በዕድሜ ታላቄ ናት፤ በሥራው ላይ ሃያ ዓመት ቆይታለች። እኔ የፖሊስ ምርመራ ከውጭ ተምሬ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ይህን አንድም ቀን ረስታልኝ አታውቅም።

«በተማርክበት አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ መጀመሪያ ምን ይደረጋል?»

«ፎቶ ይነሳል።»

«እዚህ መጀመሪያ ሰው ይደነግጣል። ደንግጬ ልጨርስና አነሳለሁ።»

እኔም ደንግጬ ነበር፤ አልነገርኳትም። ፎርማኑ በፈረሰው ግድግዳ በኩል አንገቱን አስገብቶ ያየናል። አጥንቱን ማየት ስላልፈለገ ዓይኑን ጡቡ ላይ ተክሏል።

«ይህን ግድግዳ ግንበኛ አልሠራውም» አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

«መገጣጠሚያውን እዩት። ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ነው። ጡብ በጡብ ላይ ተቆለለ እንጂ አልተሳሰረም። የተማረ እጅ፣ በጨለማም ቢሠራ፣ እንዲህ አይደረድርም።»

ሌላ ነገርም ነበር። ከካፖርቱ ጎን፣ በድንጋዩ ግንብ ልስን ላይ፣ ሁለት እጅ ተዘርግቶ የሚሸፍነው ያህል ቦታ ነጭ ኖራ ተቀብቷል። ዙሪያው በሙሉ ጥቁርና እርጥብ ነው። ካምፑ ውስጥ ኖራ ችግር አይደለም፤ ድሮ ለጉብኝት ቀን የዛፉ ግንድና የመንገዱ ድንጋይ ሳይቀር ይቀባ ነበር ይባላል። ነገር ግን ከጡብ ጀርባ፣ ማንም የማያየውን ግድግዳ ማን ይቀባል? ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩትና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩ።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ወንድ፣ ወጣት፣ የተሰበረ አጥንት የለም፣ የጥይት ምልክት የለም። ከቀበቶው ቆዳ ውስጠኛ ገጽ በጋለ ብረት የተተኮሰ ቁጥር አገኘ፤ አራት መቶ አሥራ ስምንት።

*

የካምፑን በር የሚጠብቁት ሰው ድሮም እዚያው ወታደር ነበሩ። «በቀቀን» ይሏቸዋል፤ የማንንም ድምፅ አስመስለው ስለሚናገሩ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ስንገባ በፎርማኑ ድምፅ «ሲሚንቶው የት ሄደ?» ብለው ጮኸው ሦስት የቀን ሠራተኞች ከተቀመጡበት አስነስተዋል።

«ጋሼ፣ ይህን ሙያ ለፖሊስ ቢያውሉት» አለቻቸው ሳጅኗ።

«ለፖሊስማ የአለቃሽን ድምፅ ነው የማወጣው። ‹በተማርኩበት አገር› ብዬ ነው የምጀምረው።»

ሳጅኗ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። የሰፈሩ ዘበኛ ሁሉ ስለ እኔ ያውቃል ማለት ነው። አጽሙ የማን እንደሆነ ገና ማናችንም አናውቅም ነበር።

ቁጥሩን ይዘን የሄድነው ሻለቃው ዘንድ ነው። ሻለቃው ጡረታ ወጥተዋል፤ ከካምፑ ግን አልወጡም። ከበሩ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የካምፑን ታሪክ ሰብስበው ይዘዋል፤ ፎቶግራፎች፣ የዘበኛ ደወል፣ የፈረስ ልጓም፣ በጨርቅ የተሸፈኑ መዝገቦች። ለሚመጣ ሁሉ ያስረዳሉ። ለእኛም ሳንጠይቅ ጀመሩ።

«ይህ ግቢ መጀመሪያ የፈረስ ጋጣ ነበር፤ አራት መቶ ፈረስ። ከዚያ መኪና መጣ፣ ፈረሶቹ ሄዱ፣ ሰው ገባ። እኛ የተኛንበት ክፍል ውስጥ የፈረስ ማሰሪያው ቀለበት ከግድግዳው አልወጣም ነበር፤ ፎጣችንን እንሰቅልበታለን። አንድ ክረምት በሽታ ገብቶ ግማሹን ጦር አልጋ ላይ ጣለው። ካምፑ ሲዘጋ ሁሉም የሚሸከመውን ተሸክሞ ሄደ። እኔ መዝገቡን አዳንኩ። ሰው ይሞታል፤ መዝገብ ነው የሚቀረው።»

«አራት መቶ አሥራ ስምንት ማን ነበር?» አልኩ።

መነጽራቸውን ጠረጉ፣ አንዱን መዝገብ ገለጡ፣ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ምላጭ» አሉ። «የጦሩ ጸጉር አስተካካይ። ሁላችንም ቅጽል ስም ነበረን። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት ከድቶ ጠፋ።»

«አልጠፋም። መጋዘኑ ውስጥ ነው።»

እጃቸው መዝገቡ ላይ እንዳለ ቀረ። ብዙ የደነገጠ ሰው አይቻለሁ፤ እሳቸውም ደንግጠዋል። ምን እንዳስደነገጣቸው ግን ያኔ ማወቅ አልቻልኩም።

ገጹ ግልጽ ነው። በየማታው በአሥራ ሁለት ሰዓት ሰልፍ ሜዳው ላይ ስም ይጠራል፤ ሰው «አለሁ» ይላል፤ ሃምሳ አለቃው ምልክት ያደርጋል። ምላጭ ሰኞ አለ። ማክሰኞ አለ። ረቡዕ አለ። ሐሙስ አለ። ዓርብ የለም። ከዚያ ወዲያ በቀይ ቀለም፦ «ከድቷል»።

«የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ ነበር?»

«መጋዘኑ እርጥበት ስላበላሸው ባዶ ነበር። ቁልፉ ከተረኛው መኮንን ጋር ይቀመጣል። የዚያ ሳምንት ተረኛ እኔ ነበርኩ፤ ያኔ መቶ አለቃ ነኝ።» ገጹን ገልብጠው አሳዩኝ። «ግን ሰኞ ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪኖች አጅበህ ሂድ ተባልኩ። የተመለስኩት እሑድ ነው። ይኸው፣ ተጽፏል።»

ስለዚህ ምላጭ ሐሙስ ማታ በሕይወት ቆሞ «አለሁ» ብሏል፤ ዓርብ ማታ የለም። በዚያ አንድ ቀን ውስጥ ሻለቃው የሁለት ቀን መንገድ ርቀው ነበር። መዝገቡ ከማንኛውም ምስክር የተሻለ ምስክር ሆነላቸው።

*

በሩ ላይ በቀቀን ሻይ እየጠጡ ነበር።

«ጋሼ፣ ምላጭ የሚባል ወታደር ያውቁ ነበር?»

ሻዩ ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። ትኩስ መሆኑ የተሰማቸው አልመሰለኝም።

«የቅርብ ጓደኛዬ ነበር፤ አልጋችን ጎን ለጎን። እሱ ነው እንዴ?»

«እሱ ነው። መቼ ነበር ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት?»

«ሐሙስ። ሐሙስ ማታ፣ ጥሪ ላይ» አሉ።

ሳጅኗ ወደ እኔ ዞረች። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ምንም ሳያስቡ፣ ቀኑን ከነሰዓቱ። የሌሎቻችን ትዝታ እንዲህ አይሠራም።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አሉ በቀቀን፤ ድምፃቸው የራሳቸው አይመስልም። «ለባለቤቴ እኔ ልንገራት።»

«ባለቤትዎን ምን አገባቸው?»

«የእሱ ሚስት ነበረች።»

*

አላስቀደምናቸውም። ሳጅኗ መኪናውን እየነዳች ነገሩን በጣቷ ቆጠረችልኝ። «አንድ፦ የቅርብ ጓደኛ። ሁለት፦ ጓደኛው ይጠፋል። ሦስት፦ ሚስቱን ያገባል። አራት፦ ቀኑን እንደ ልደቱ ቀን ያስታውሳል። አሁን ምን ቀረን? ወረቀት መሙላት።»

«ወረቀቱን አትሙዪ።»

«ለምን?»

«እንጃ።»

«‹እንጃ› ለመማር ነው ያን ያህል የራቅከው?»

ቤታቸው ትንሽ የጡብ ቤት ናት። ሴትዮዋ በረንዳው ላይ የልብስ ስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ስነግራቸው እግራቸው መርገጡን አላቆመም። መርፌው ጨርቁን አልፎ ባዶ ቦታ ላይ ይወጋ ጀመር። ሳጅኗ ጎንበስ ብላ እግራቸውን ያዘችው።

«እዚያው ነበር?» አሉ። «እዚያው ካምፑ ውስጥ?»

«እዚያው ነበር እትዬ።»

«እኔ እኮ ሄጄ ነበር። እሑድ ነው የወለድኩት። ያን ሌሊት አጥር ዘልሎ መጥቶ አያት፤ ሰኞ ረፋድ ላይ ሳልጠራ ልግባ ብሎ ሄደ። ማክሰኞ ቀረ። ረቡዕ የሦስት ቀን ሕፃን ታቅፌ በሩ ድረስ ሄድኩ። የበሩ ጠባቂ ዝርዝሩን አየና ‹አለ፤ ትናንት ማታም ጥሪ ላይ ነበር› አለኝ። ጥሩልኝ አልኩ። ፈልገው አጡት። ‹አለ፣ ግን አልተገኘም› አሉኝ። ከእኔ ተደብቆ ነው ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ከዳ አሉ። ልጄን ‹የከዳተኛ ልጅ› እያሏት አደገች። አሁን የራሷ ልጆች አሏት፤ ስለ አያታቸው ሲጠይቋት ወሬ ትቀይራለች።»

እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ማን ገደለው አልልህም። እሱን እናንተ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ትቶን ነበር ወይስ አልተወንም?»

አላውቅም ነበር። ምናልባት አጥር ዘልሎ ሊጠፋ ሲል ተያዘ። ምናልባት ሌላ ሴት ነበረችው። በተማርኩበት ትምህርት ቤት «የማታውቁትን ተስፋ አትስጡ» ይሉን ነበር። አልሰጠኋቸውም፤ ያለመስጠቴ ግን ጥሩ ሰው አላስመሰለኝም።

ስንወጣ ዓይኔ የቤቱ ግድግዳ ላይ ቀረ። ጡቡ አንዱ በሌላው ላይ ተሻግሮ፣ ተሳስሮ፣ እንደ ሹራብ ተሠርቷል።

«ይህን ቤት ማን ሠራው?»

«ባለቤቴ ነዋ። ወታደር ከመሆኑ በፊት ግንበኛ ነበር» አሉ ሴትዮዋ።

*

በቀቀንን ጣቢያ አስቀርበናቸው ነበር። ሳጅኗ አላቆመችም።

«ረቡዕ ጓደኛዎን ፈልገው አጡት። እርስዎ ግን ማታ ጥሪ ላይ አይቼዋለሁ ይላሉ።»

«አዎ።»

«አልጋው ከአልጋዎ አጠገብ ነበር። ረቡዕ ሌሊት ተኝቶበታል?»

ዝም።

«ማክሰኞ ሌሊትስ?»

ዝም።

«ጋሼ፣ ዝምታዎ እየከሰሰዎት ነው።»

«ይክሰሰኝ» አሉ።

ኮሪደሩ ላይ ሳጅኗ በሩን ዘግታ ተደገፈችው። «አለቀ።»

«አላለቀም። ግንበኛ ናቸው።»

«እና?»

«ያን ግድግዳ የሠራው ሰው ግንበኛ አይደለም። ፎርማኑ በጨለማም ቢሆን የተማረ እጅ እንዲህ አይደረድርም ነው ያለው። ደግሞ ኖራው አለ። ገዳይ የሚሰወር ነገር ሲኖረው ይሰውራል። አጥንቱን በጡብ ሰውሮታል። በኖራው ምን ሰወረ?»

ሳጅኗ የመኪናውን ቁልፍ አነሳች።

*

ፎርማኑ የልስን መፋቂያውን አልተጠቀመም። ጥፍሩን የኖራው ጠርዝ ላይ አሳርፎ ትንሽ ጫን ቢለው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተላቀቀ። «እርጥብ ግድግዳ ላይ በጥድፊያ የተቀባ ነው። ሳይይዝ ነው የደረቀው» አለ። ቅርፊቱን አንድ በአንድ ያነሳ ጀመር። ሳጅኗ መብራቱን ከጎን ያዘች።

ከሥሩ ጽሑፍ ነበር። በቀበቶ ዘለበት የተጫረ፣ ወደ ታች ሲሄድ እየደከመ የመጣ። ከላይ ባለው የአየር ቧንቧ በኩል የምትገባ የክር ያህል ብርሃን አለች፤ በእሷ ነው የጻፈው። ሳጅኗ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፅዋ ወረደ።

*ሰኞ። መቶ አለቃው አጥር ስዘል ይዞኝ ለአንድ ሌሊት ብሎ ዘጋብኝ። ካልጻፍኩብህ ይሻልሃል አለኝ። ማታ ስሜ ተጠራ። አለሁ የሚል ተሰማ።*

*ማክሰኞ። አልመጣም። ጮህኩ። ቧንቧው የውጭውን ያስገባል እንጂ የውስጡን አያወጣም። ማታ ስሜ ተጠራ። አለሁ ተባለ። ድምፁ የእኔ ነው። በቀቀን ነው።*

*ረቡዕ። ግድግዳውን ላስኩ። አለሁ ተባለ። ለእኔ ብሎ ነው።*

*ሐሙስ። አለሁ ተባለ። ነገ ዝም ቢልልኝ ይፈልጉኝ ነበር።*

*ዓርብ። ዝም አለ። አሁን ይመጣሉ።*

ከዚያ በታች ምንም የለም።

ፎርማኑ የመጨረሻዋን ቅርፊት በመዳፉ እንደያዘ ወጥቶ ሄደ። ሳጅኗ መብራቱን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ወዲያው ምን እንደተደገፈች ትዝ ሲላት ተፈናጥራ ራቀች። እኔ የመጨረሻውን መስመር ደጋግሜ አነብ ነበር፤ ሌላ ትርጉም ይኖረው እንደሆነ። የለውም። ሰውየው ደስ ብሎት ነው የጻፈው።

*

ወደ ጣቢያ ተመልሰን ያነበብነውን ለበቀቀን ነገርኳቸው። እንዴት እንደነገርኳቸው አላስታውስም። እስከ መጨረሻው መስማታቸውን እንጃ፤ ጠረጴዛውን በጣታቸው ይጠርጉ ነበር፤ የሌለ አቧራ።

«ስዘገይ ሸፍነኝ ብሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ልጅ ተወልዳለታለች፤ ሚስቱ ጋር ነው ብዬ ነው። ሰኞ መለስኩለት። ማክሰኞም። ረቡዕ ሚስቱ መጥታ ፈለገችው ሲባል ደነገጥኩ፤ ግን ጀምሬያለሁ፤ ያለፉትን ሁለት ቀን ማን ነበር ‹አለሁ› ያለው ቢሉ እንታሰራለን። ዓርብ አላስቻለኝም፤ ዝም አልኩ። ማታውን ሮጬ ቤቷ ሄድኩ። ከሰኞ ወዲህ አላየሁትም አለችኝ። በቃ፣ ጠፍቷል አልኩ። አራት ቀን ሰጥቼው፣ አራት ቀን ሙሉ ሸፍኜው ሚስቱንና ልጁን ጥሎ እንዲያመልጥ የረዳሁት እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት። ለእሷም የተጠጋሁት በዚያ ነው፤ በኋላ ነው ሌላው የመጣው። ሠላሳ ሰባት ዓመት የደበቅኳት ይህን ነበር።»

ቀና አሉ። «ለካ የደበቅኳት ይህ አይደለም።»

*

ሻለቃው ክፍላቸው ውስጥ ጸጉራቸውን አበጥረው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ጠበቁን። ጠረጴዛው ላይ መዝገቡ አልነበረም።

«ግድግዳውን ፋቃችሁት» አሉ።

«ለምን ያኔውኑ አልፋቁትም? ለምን ኖራ?»

«ለመፋቅ አንድ በአንድ ማንበብ ነበረብኝ። አልቻልኩም።»

ተቀመጡ። ተረኛ በነበሩበት ሰኞ ረፋድ ምላጭን አጥር ሲዘል ያዙት። ቢከሱት ለወራት ይታሰራል፤ ልጅ ተወልዳለታለች፤ አዘኑለት። ለአንድ ሌሊት ባዶው መጋዘን ውስጥ ቆልፈውበት ነገሩን እዚያው ሊጨርሱት አሰቡ። ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ ትእዛዝ መጣ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መኪኖቹ ተነሱ።

«ረሳሁት» አሉ።

ይህችን ቃል ስሰማ ምን እንደሚሰማኝ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሳጅኗን ብቻዋን እልካት ነበር።

«እሑድ ተመልሼ ቧንቧው ጋ ቆሜ ጠራሁት። ከዚያ ገባሁ። ካፖርቱን ለብሶ ተቀምጦ ነበር። እርጥበቱ ለጤና ጥሩ አይደለም፣ ይዘጋ አልኩና የጡቡን ግድግዳ ራሴ ሠራሁት። መዝገቡን ስገልጥ፣ አለ ይላል። አራት ቀን አለ ይላል። መዝገቡ ነጻ ያወጣኝ መሰለኝ።»

ሳጅኗ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እሑድ ከመመለስዎ በፊት አልታወሰዎትም?»

የኮታቸውን ቁልፍ አስተካከሉ።

አንድ ነገር ከነጋ ጀምሮ አልተመቸኝም ነበር። አንድ ወታደር ዓርብ ማታ ከጠፋ፣ የቅርብ አለቃው ሳይነገረው አያድርም።

«ዓርብ ማታ በሬዲዮ ጠርተውዎታል?» አልኩ።

ሻለቃው እጃቸውን አጣመሩ።

«‹ሰውህ ጠፋ፤ ምን ታውቃለህ?› አሉኝ። ያኔ ነው የታወሰኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

«ምን መለሱላቸው?»

«ምንም አላውቅም አልኩ። አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ሞቷል ብዬ አሰብኩ። ከሞተ አይቀር ብዬ።»

«ዓርብ ማታ በሕይወት ነበር» አልኳቸው። «ጽፏል። ጓደኛው ዝም ማለቱን ሰምቷል። ‹አሁን ይመጣሉ› ብሏል። አንድ ቃል ቢናገሩ በሩን ሰብረው ያወጡት ነበር።»

ያ የመጨረሻ መስመር እስከዚያች ሰዓት አልተነበበላቸውም ነበር። መጀመሪያ ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ፈገግታ አልነበረም፤ ፊታቸው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ነው። ከወንበሩ ሊነሱ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ሳጅኗ ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። በጣም በእርጋታ ነበር የያዘቻቸው። በኋላ ለምን ስላት «ብጨክን አላቆምም ነበር» አለችኝ።

*

ሴትዮዋ ግድግዳውን ራሳቸው ማንበብ ፈለጉ። ልጃቸው ደግፋቸው ገባች። በቀቀን ሜዳው ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። ፊታቸው ወደ መጋዘኑ ነው፤ አንድ እርምጃ ግን አልተጠጉም።

ውስጥ ብዙ ቆዩ። መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነው። «አልሄደም» ይላሉ ሴትዮዋ፤ «ሰማሽ? የትም አልሄደም!» ይላሉ ልጃቸውን። ከዚያ ሳቁ ተሰበረና ሌላ ነገር ሆነ።

ሲወጡ ባላቸው ፊት ቆሙ።

«አንተ ነህ የመለስከው?»

«እኔ ነኝ።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም።»

ሴትዮዋ የሚያውቁትን ሰው ፊት እንደ አዲስ ይመረምሩት ነበር።

«እኔ ዛሬ ልጄ ጋ ነኝ» አሉ።

«ነገስ?»

«ነገን አላውቅም።»

*

በማግስቱ ጠዋት በቀቀን ጢማቸውን ተላጭተው፣ አንድ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ይዘው ጣቢያ መጡ።

«እሰሩኝ» አሉ።

«በምን ጋሼ?»

«የፈለጋችሁትን ጻፉ።»

ሕጉን ገለጥኩ፤ እውነቴን ነው ገለጥኩ። በተማርኩበት አገር ለሁሉም ነገር አንቀጽ አለ ብዬ አምን ነበር። ለእሳቸው የሚሆን አላገኘሁም። ወደ ቤትዎ ይሂዱ አልኳቸው። «የት?» አሉኝና ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ሳጅኗ ዳቦና ሻይ አቀረበችላቸው፤ አልነኩትም። ለሌላ ጉዳይ የመጣ ባለጉዳይ ሁሉ ያልፋቸዋል። አንዱ ተረኛ መስለውት የት እንደሚገባ ጠየቃቸው፤ በትህትና አሳዩት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሴትዮዋ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። ልጃቸው ውጭ፣ መኪናው አጠገብ ቀረች። እኔንም ሳጅኗንም ሰላም ሳይሉ ኮሪደሩን አልፈው አግዳሚው ፊት ቆሙ።

በቀቀን አላዩዋቸውም፤ ወለሉን እያዩ ነበር።

«ሐኪሙ አስረክቦናል» አሉ ሴትዮዋ። «ቀብሩ አሥር ሰዓት ነው። ሳጥኑ አራት ሰው ይፈልጋል።»

ኮሪደሩ ውስጥ የጽሕፈት መኪና ይመታ የነበረ ሰው እጁን ገታ።

«ሦስት አግኝቻለሁ» አሉ። «ተነስ።»

ዘወር ብለው መንገድ ጀመሩ፤ ይከተሉ አይከተሉ አላዩም። በቀቀን ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ፌስታሉን አግዳሚው ላይ ትተውት ከኋላቸው ወጡ።